ፋይል ሲያጋራ የሚወድቅ ሰርቨር፦ ፎርማት ከማድረግ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን የሚውል ሰርቨር፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ትልልቅ ፋይል መቅዳት ሲጀምር ብቻ ይወድቃል። ሪስታርት ሲደረግ ይነሣል፤ ሥራው ሲበረታ ተመልሶ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ችግር በገጠመው መሥሪያ ቤት ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ፋይል ማጋሪያው ፕሮግራም ይነቀልና እንደገና ይጫን» የሚለው ነው። ሁለቱም ምክሮች ከአንድ ግምት ይነሣሉ፤ ማሽኑ የወደቀው ፋይል ሲያጋራ ስለሆነ ጥፋቱ የፋይል ማጋሪያው ነው ይላሉ። እዚህ የምከራከረው ለተቃራኒው ነው። ፋይል ማጋራት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የነበረን ድክመት የሚያጋልጥ ጭነት ነው፤ የውድቀቱ መንስኤ ግን ሌላ ቦታ ይገኛል። ስለዚህ መንገዱ ጭነቱን ወደየክፍሉ በትኖ፣ ማሽኑን የሚጥለው የትኛው ክፍል እንደሆነ መለየት ነው። ለምሳሌነት የምይዘው ሊኑክስ የተጫነበትንና በሳምባ አማካይነት ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚያጋራ ሰርቨር ነው፤ ሰርቨራቸው ራሱ ዊንዶውስ ለሆነ አንባቢዎች ልዩነቱን በቦታው እጠቅሳለሁ።

ክርክሩ የቆመው በስርዓተ ክወናው አሠራር ላይ ነው። ሳምባ ተራ ፕሮግራም ነው። ለእያንዳንዱ ተገልጋይ ኮምፒውተር የየራሱን ፕሮሰስ ይከፍታል፤ ከነዚህ አንዱ ቢበላሽ ከርነሉ ያንኑ ፕሮሰስ ብቻ ይገድላል፣ የአንድ ሰው ግንኙነት ይቋረጣል፣ የሌሎቹ ይቀጥላል። ተራ ፕሮግራም ከርነሉን በራሱ የሚጥልበት ሥልጣን የለውም። ማሽኑ በሙሉ ከወደቀ እንግዲህ ተጠርጣሪዎቹ ከርነሉና በውስጡ ያሉት ድራይቨሮች፣ ሃርድዌሩ፣ ወይም የኃይል አቅርቦቱ ናቸው። ጭነቱን ደግሞ በቁጥር እንየው። የአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ እስከ 125 ሜጋባይት ይሸከማል፤ በተለመደው የ1500 ባይት ፓኬት ሲመነዘር በሰከንድ ወደ 81 ሺህ ፓኬት ይሆናል። እያንዳንዱን ፓኬት የኔትወርክ ካርዱ በቀጥታ ሜሞሪ ላይ ይጽፈዋል፣ ከርነሉ ይመረምረዋል፣ ፋይል ሲስተሙ ይቀበለዋል፣ የዲስክ መቆጣጠሪያው ወደ ዲስክ ያወርደዋል። በቢሮ ውስጥ ከሚሠሩ ሥራዎች ሲፒዩን፣ ሜሞሪን፣ ኔትወርክ ካርድን፣ ዲስክንና ፓወር ሰፕላይን ለብዙ ደቂቃዎች እኩል የሚያስጨንቅ ሌላ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ከነዚህ ማንኛቸውም ደካማ ቢሆኑ ድክመታቸው የሚታየው ፋይል ሲጋራ ነው።

እዚህ ላይ በቂ ዕውቀት ያለው አንባቢ መቃወሚያ አለው፤ ትክክልም ነው። የፋይል ማጋሪያ ሁሉ ከከርነል ውጭ አይሠራም። የሊኑክስ ኤንኤፍኤስ ሰርቨር የሚሠራው ከርነል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው የሊኑክስ 5.15 ጀምሮ የመጣው ኬኤስኤምቢዲም እንደዚያው ነው፤ የዊንዶውስ የፋይል ማጋሪያ ሰርቨርም በከርነል ድራይቨርነት የተሠራ ነው። በነዚህ ላይ የማጋሪያው ኮድ ራሱ ማሽኑን ሊጥል ይችላል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የከርነል ስታክ ጉዳይ ነው፤ በ64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሰጠው ስታክ 8 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በ3.15 ነው ወደ 16 ያደገው። ኤንኤፍኤስ ኤክስኤፍኤስን ሲጠራ፣ ኤክስኤፍኤስ ሎጂካል ቮልዩሙን ሲጠራ፣ እሱም ሬይዱን ሲጠራ ጥሪው እየተደራረበ ያንን ጠባብ ቦታ ሊያጣብብ ይችል ነበር። መቃወሚያው ግን ዘዴውን አያፈርሰውም። ከርነል ውስጥ የሚሠራ ማጋሪያ ቢሆንም መለየት ያለብን ያው ነው፤ ተጠርጣሪዎቹ ላይ አንድ ይጨመራል እንጂ።

የመጀመሪያው እርምጃ «ወደቀ» የሚለውን ቃል መመንዘር ነው። ማሽኑ በራሱ ድንገት ሪስታርት ካደረገ ወይም ከጠፋ፣ ስክሪኑም መዝገቡም ምንም ካልተናገረ፣ ጥርጣሬው በቅድሚያ ወደ ኃይልና ሙቀት ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጥቶ የኪቦርዱ የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ የከርነል ፓኒክ ነው፤ ይህ ዕድለኛው ውድቀት ነው፣ ምክንያቱም ከርነሉ ራሱ ተናግሯል። ማሽኑ ሃንግ አድርጎ ለፒንግ ግን የሚመልስ ከሆነ ከርነሉ ገና በሕይወት አለ፤ የታነቀው ዲስኩ ወይም ሜሞሪው ነው። ለፒንግም፣ ለኪቦርድም ካልመለሰ ጉዳዩ ከብዷል። ይህን ልዩነት ለማየት ሰርቨሩ ሞኒተርና ኪቦርድ ይኑረው፤ ከሌላ ኮምፒውተርም ያልተቋረጠ ፒንግ እየሄደ ይቆይ። አስቀድሞም ሲስአርኪው የሚባለውን የከርነል ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ይፍቀዱ፤ ማሽኑ ሃንግ ሲያደርግ አልትንና ሲስአርኪውን ይዘው የደብልዩን ፊደል ሲጫኑ ከርነሉ የትኞቹ ሥራዎች እንደታነቁ ይዘረዝራል። ከዚያ ኤስ፣ ዩ እና ቢ በተራ ሲጫኑ ያልተጻፈው ዳታ ወደ ዲስክ ይወርዳል፣ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ይሆናል፣ ማሽኑም ሪስታርት ያደርጋል። ለዚያ ጥሪ መልስ ሰጠ ማለት ከርነሉ አልሞተም ማለት ነው፤ ይህ ብቻውን ትልቅ መረጃ ነው።

ለፒንግ የሚመልሰው ሃንግ አንዳንዴ ጨርሶ ውድቀት እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ሊኑክስ ወደ ዲስክ የሚጻፈውን ዳታ በሜሞሪ ያጠራቅማል፤ በተለመደው ቅንብር የተጠራቀመው ከሚገኘው ሜሞሪ 20 በመቶ እስኪደርስ ይታገሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚጽፉትን ሁሉ ያስቆማቸዋል። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ማሽን ይህ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። የሚጻፍበት ዲስክ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ብቻ የሚችል ውጫዊ ዲስክ ከሆነ፣ ያን ለማራገፍ 100 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ተጠቃሚው ሰርቨሩ ሞተ ይላል፤ አንድ ሰው ደንግጦ ከሶኬቱ ይነቅለዋል፤ ፋይል ሲስተሙ የሚጎዳው ያኔ ነው። አንድ ሥራ ለ120 ሰከንድ ከታነቀ ከርነሉ «ሃንግ ታስክ» ብሎ በመዝገቡ ያስጠነቅቃል። እንዲህ ያለ መስመር ካገኙ መፍትሔው የሚጠራቀመውን ዳታ መጠን በጥቂት መቶ ሜጋባይት መገደብ ነው፤ ፈጣን ዲስክ መግዛትም ይቻላል። ከሶኬቱ በመንቀል ፈንታ ሁለት ደቂቃ መታገስ ብዙ ሰርቨሮችን ከማያስፈልግ ጉዳት ያድናቸዋል።

ሁለተኛው እርምጃ መረጃውን ማዳን ነው፤ ለዚህ ሥራ ትልቁን ክብደት እሰጣለሁ። ከሁሉ በፊት የሰርቨሩን ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ባክአፕ ያድርጉ፤ ሆን ብለን ልንጥለው የምንፈልገው ማሽን ላይ ብቸኛ ቅጂ ሊኖር አይገባም። ባክአፑ ራሱ ማሽኑን ከጣለው በዝግታ ይውሰዱት፤ ኔትወርክ ካርዱን ወደ 100 ሜጋቢት ዝቅ ካደረጉት ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። ቀጥሎ መዝገቡ ከሪስታርት በኋላም እንዲቆይ ያድርጉ። በአንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች የሲስተምዲ መዝገብ በሜሞሪ ብቻ ስለሚቀመጥ ማሽኑ ሲወድቅ አብሮ ይጠፋል፤ በጆርናልዲ ቅንብር ውስጥ ማስቀመጫውን «ፐርሲስተንት» ማድረግ ይበቃል። ይሁንና ዲስክ ላይ ባለ መዝገብ ብቻ አይተማመኑ። ውድቀቱን የሚገልጸውን የመጨረሻ መስመር ዲስክ ላይ ለመጻፍ ፋይል ሲስተሙና የዲስክ ድራይቨሩ መሥራት አለባቸው፤ ሲወድቅ ግን የማይሠሩት እነዚሁ ናቸው። «መዝገቡን አየሁት፣ ምንም የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምርመራ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ በርግጥ ግን የሚያመለክተው መዝገቡ ለመጻፍ ዕድል እንዳላገኘ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚያወጡ ሦስት መሣሪያዎች አሉ። ኬደምፕ ለትንሽ ተጠባባቂ ከርነል የሚሆን ሜሞሪ አስቀድሞ ያስይዛል፤ ዋናው ከርነል ፓኒክ ሲያደርግ ተጠባባቂው ይነሣና የወደቀውን ከርነል ሜሞሪ ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል። ከጫኑት በኋላ ማሽኑ ሥራ በማይኖርበት ሰዓት በሲስአርኪው የሲን ፊደል ተጭነው ሆን ብለው ፓኒክ አስነሥተው ይፈትኑት፤ ያልተፈተነ ኬደምፕ በዕለቱ ላይሠራ ይችላል። ኔትኮንሶል የከርነሉን መልእክት በቀጥታ በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይልካል፤ ለማዋቀር ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ነገር ግን ጥፋተኛው የኔትወርክ ድራይቨሩ ከሆነ ራሱ ምስክሩ ይታነቃል። ስለዚህ ሁለተኛ ኔትወርክ ካርድ ካለ በእሱ በኩል ይላኩት። ሦስተኛው የሲሪያል ኬብል ነው። ጊዜው ያለፈበት ቢመስልም ከርነሉ በመጨረሻ ሰዓት የሚናገርበት ከሁሉ ቀላሉ መንገድ እሱ ነው፤ በብዙ የሰርቨር ማሽኖች ላይም ቢኤምሲ በሚባለው የርቀት መቆጣጠሪያ ቺፕ አማካይነት ከርቀት ይገኛል። ቢኤምሲ ያለው ማሽን የራሱ መዝገብም አለው፤ ስርዓተ ክወናው ምንም ሳያውቅ የኃይል መቋረጥና የሙቀት ማለፍ እዚያ ይጻፋሉ። ምንም ከሌለ የስክሪኑን ፎቶ በስልክ ያንሡ። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የኬደምፕን ቦታ የሚይዘው የሜሞሪ ደምፕ ፋይል ነው፤ በዊንዲቢጂ ይከፈታል። በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚለውን ብቻ ካገኙ፣ የሚለው ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ እንደገና መነሣቱን ነው፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም።

የፓኒኩ ጽሑፍ ሲገኝ ሙሉውን የመረዳት ግዴታ የለብዎትም። ሦስት ነገር ይፈልጉ። የመጀመሪያው «ቴይንትድ» የሚለው ቃል ነው፤ ከሱ አጠገብ ያሉት ፊደላት ከከርነሉ ጋር ያልመጣ ወይም ኮዱ የተዘጋ ድራይቨር ተጭኖ እንደነበረ ሊናገሩ ይችላሉ፣ እንዲያ ከሆነ ያ ድራይቨር ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው። ሁለተኛው «ኮል ትሬስ» ከሚለው በታች ያሉት የፈንክሽን ስሞች ናቸው፤ አር8169 ወይም ኢ1000ኢ የሚል ቅድመ ስም የኔትወርክ ካርድን፣ ኤክስት4 ወይም ኤክስኤፍኤስ የሚል ፋይል ሲስተምን ይጠቁማል። ሦስተኛውና በእኔ ፍርድ ከሁሉ የሚበልጠው፣ አንዱን ውድቀት ከሌላው ጋር ማነጻጸር ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚወድቅ ከርነል የሶፍትዌር ስህተት እንዳለው ያመለክታል፣ ስህተት ያለበት ኮድ ቦታውን አይቀያይርምና። ዛሬ በፋይል ሲስተም፣ ነገ በኔትወርክ፣ ከነገ ወዲያ ከሁለቱም ጋር በማይገናኝ ቦታ የሚወድቅ ከርነል ግን ከሥሩ ያለው ሜሞሪ ወይም ኃይል እንደከዳው ያሳያል። ለዚህ ነው አንድ ውድቀት ላይ ተመሥርቶ ፍርድ መስጠት የማይገባው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጽሑፎች ይሰብስቡ።

ሦስተኛው እርምጃ መበተኑ ነው፤ የምርመራው እምብርት ይህ ነው። ፋይል ማጋራት ቢያንስ ሦስት ጭነቶች በአንድ ላይ ነው፤ የኔትወርክ፣ የዲስክና የሁለቱ ድምር። በመጀመሪያ ዲስኩን ሳይነኩ ኔትወርኩን ብቻ ያስጨንቁ። አይፐርፍ3 የሚባለው መሣሪያ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ዳታ ያመላልሳል፤ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በብዙ ግንኙነቶች፣ ማሽኑ ቀድሞ ለመውደቅ ይፈጅበት ከነበረው ጊዜ ብዙ እጥፍ ያስኪዱት። ከወደቀ ዲስክና ሳምባ ነጻ ናቸው፤ ትኩረቱ ካርዱ፣ ድራይቨሩና ሜሞሪው ላይ ይሆናል። ካልወደቀ የኔትወርክ ኬብሉን ነቅለው ዲስኩን ብቻ በኤፍአይኦ ያስጨንቁ፤ የሚጻፈውና የሚነበበው ፋይል ከሜሞሪው መጠን በእጥፍ የሚበልጥ ይሁን፣ አለበለዚያ የሚፈተነው ዲስኩ ሳይሆን በሜሞሪ የተቀመጠው ቅጂ ነው። ኤፍአይኦ ፋይል ላይ እንጂ በዲስኩ ስም ላይ በቀጥታ እንዳይጽፍ ይጠንቀቁ፤ በዲስኩ ስም ላይ ከጻፈ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ሁለቱም ለየብቻ ካልጣሉት በአንድ ጊዜ ያስኪዷቸው። እዚህ ላይ የሚወድቅ ማሽን ብዙ ጊዜ በፓወር ሰፕላይ፣ በሙቀት ወይም በሜሞሪ ይጠረጠራል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ችሏል፣ ያልቻሉት ድምሩን ነውና። በመጨረሻ ሳምባን ያስገቡ። ማሽኑ የሚወድቀው ሳምባ ሲገባ ብቻ ከሆነ እንኳ ፍርዱ ሳምባ ላይ አይደለም፤ ሳምባ የሚጠራው የከርነል ክፍል፣ ለምሳሌ የፋይል ሲስተሙ ተጨማሪ ባሕርያት ወይም የፋይል ቁልፎች፣ ቀጣዩ መመርመሪያ ይሆናል።

በዚህ ሂደት አንድ ርካሽ ፈተና መጨመር ይጠቅማል። ከሜሞሪው የሚበልጥ አንድ ትልቅ ፋይል ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡና የሻ256 ድምሩን ደጋግመው ያስሉ። ማንም ያልነካው ፋይል ሁለት የተለያየ ድምር ካሳየ ከዲስክ እስከ ሲፒዩ ባለው መንገድ አንዱ ዳታ እያበላሸ ነው። ይህ ከውድቀቱ የከፋ ዜና ነው፤ እስካሁን የተጋሩት ሰነዶችም ሳይታወቅ ተበላሽተው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ውጤት ሲገኝ ሰርቨሩ በዚያው ሰዓት ከሥራ መውጣት አለበት፤ ማንኛውም የቢሮ ጥድፊያ ከዚህ አይበልጥም።

ሜሞሪን ለመፈተን ሜምቴስት86 ፕላስ ከፍላሽ ተነሥቶ ቢያንስ ሌሊቱን ሙሉ ይሂድ። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ በቂ ነው፤ ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጡ ጥፋተኛውን ይለዩ። ባዮስ ውስጥ ሜሞሪው ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ እንዲሮጥ ተደርጎ ከሆነ መጀመሪያ ወደ መደበኛው ይመልሱት። «ሜምቴስት አልፏል፣ ስለዚህ ሜሞሪው ደህና ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ሜምቴስት ሲሄድ የኔትወርክ ካርዱና የዲስክ መቆጣጠሪያው በቀጥታ ሜሞሪ ላይ አይጽፉም፣ የማሽኑ ሙቀትም በሥራ ሰዓት እንዳለው አይደለም። ስህተት ማግኘቱ ማስረጃ ነው፤ አለማግኘቱ ግን ጥርጣሬ መቀነሻ ብቻ ነው። ኢሲሲ ሜሞሪ ያለው ማሽን በዚህ ይሻላል፤ የታረመውን ስህተት ሁሉ ስለሚመዘግብ በራስዴሞን ማየት ይቻላል።

ኃይልና ሙቀት ለኢትዮጵያ አንባቢ ተጨማሪ ትኩረት ይፈልጋሉ። የ12 ቮልቱ መስመር በኤቲኤክስ ደንብ ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም፤ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ሥራ ሲፈታ 12 ሆኖ ይቆይና ሁሉም ዲስኮች አንድ ላይ ሲጽፉ ይወርዳል። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበትና መብራት ደጋግሞ በሚሄድበት አካባቢ የሠራ ፓወር ሰፕላይ ቶሎ ያረጃል፤ ባትሪው የደከመ ዩፒኤስም ጭነት ሲጨምር ራሱ ሊያቋርጥ ይችላል። የሚያስተማምነው ምርመራ ደህናነቱ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ ከሌላ ማሽን አውጥቶ መቀየር ነው፤ ዩፒኤሱንም ለአንድ ፈተና ያህል አልፈው በቀጥታ ከሶኬት ያብሩት። ስለ ሙቀት ደግሞ ከፍታ ይቆጠራል። ለሰርቨሮች የሚወጣው የሙቀት ወሰን ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው፤ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ አምራቾችና አሽሬ የሚባለው የማቀዝቀዣ ባለሙያዎች ማኅበር ያዝዛሉ፣ ስስ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያነሰ ነውና። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ስለሆነች በብዙ ሰርቨሮች ላይ የተለመደው የ35 ዲግሪ ወሰን ወደ 30 ይወርዳል። የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ መስኮት በሌለው ጠባብ የሰርቨር ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ማሽን ዋስትና አይሆንም። የሲፒዩን ሙቀት ብቻ አይመልከቱ፤ የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድና የ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ ብዙ ይግላሉ፣ ብዙዎቹም የራሳቸው ፋን የላቸውም። የማሽኑን ክዳን ከፍተው ትልቅ ፋን ፊት ለፊት አቁመው ፈተናውን መድገም ሙቀትን ከተጠርጣሪዎች ለማስወጣት ይበቃል።

ዲስክን በተመለከተ አጭር ነው። በስማርት መዝገብ ውስጥ 5፣ 197 እና 198 ቁጥሮች የዲስኩን ገጽ መበላሸት ያሳያሉ፤ 199 እየጨመረ ከሄደ ችግሩ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ሳይሆን የሳታ ኬብሉ ነው።

የኔትወርክ ድራይቨሩ ላይ ጥርጣሬ ከወደቀ መዝገቡ ውስጥ «ኔትዴቭ ዋችዶግ» ብሎ የሚጀምር፣ የመላኪያ ወረፋው ጊዜ አልፎበታል የሚል መስመር ይፈልጉ፤ በኢንቴል ኢ1000ኢ ላይ «ዲቴክትድ ሃርድዌር ዩኒት ሃንግ» የሚለው በሰፊው የሚታወቅ ነው። እንዲህ ሲሆን የፓኬት መከፋፈያ ቅንብሮቹን፣ ቲኤስኦና ጂኤስኦ የሚባሉትን፣ በኢዝቱል አንድ በአንድ ያጥፏቸው። ሲፒዩው ጥቂት ይደክማል እንጂ ማሽኑ ካልወደቀ ድርድሩ አትራፊ ነው። ቡት ሲያደርግ ከሚመጣው ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጦ መሞከርም ቀላል ነው፤ በቀድሞው የማይወድቅ በአዲሱ የሚወድቅ ከሆነ ጥፋቱ ከዝማኔው ጋር መጥቷል። ከሁሉ ግን ሌላ ቺፕ ያለበት ተራ ካርድ ገዝቶ መሞከር ብዙ ሰዓት ይቆጥባል።

የዊንዶውስ ሰርቨር ላላቸው አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሰማያዊ ስክሪኑ የሚመጣው ፋይል በሚጋራበት ሰዓት ከሆነና ማሽኑ የቆየ ዊንዶውስ ከሆነ፣ ጭነት ብቻ ሳይሆን ጥቃትም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የተሠራጨው ዊንዶውስ ፋይል በሚያጋራበት በኤስኤምቢ ፕሮቶኮል የመጀመሪያ ስሪት ላይ በነበረ ክፍተት ነው፤ ማይክሮሶፍት ማረሚያውን ያወጣው በመጋቢት ነበር። ጥቃቱ በማይሳካበት ማሽን ላይ ሰማያዊ ስክሪን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የቆየውን ኤስኤምቢ አጥፍተው፣ ከቢሮው ኮምፒውተሮች ወደ 445 ፖርት ያለማቋረጥ የሚያንኳኳ ካለ ይፈልጉ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምክር ልመለስ። ፎርማት የሚያደርጉ ሰዎች «ብዙ ጊዜ ሠርቶልናል» ይላሉ፤ እውነት ሊሆንም ይችላል። ፎርማት ሲደረግ ከርነሉ ይቀየራል፣ ድራይቨሩ ይቀየራል፣ ቅንብሩ ወደ መነሻው ይመለሳል፣ ማሽኑ ለሰዓታት ጠፍቶ ይቀዘቅዛል፣ ክዳኑ ሲከፈትም የላላ ኬብል ሊጠብቅ ይችላል። ከነዚህ አንዱ ችግሩን ቢያስወግድ የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ጥፋቱ ሜሞሪ ወይም ፓወር ሰፕላይ ከሆነም ፎርማት የተደረገው ማሽን ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይወድቃል፣ በመካከሉም ያንኑ ዳታ ሲያበላሽ ይቆያል። «ለዓመታት ሲሠራ ነበር» የሚለውም ሃርድዌሩን ነጻ አያወጣም፤ ዕድሜ የሚያዳክመው ሃርድዌሩን ነው፣ ያልተቀየረ ሶፍትዌር አያረጅም። ከባዱ መቃወሚያ የጊዜ ነው፤ ቢሮው ሥራ ቆሞበት ምርመራ ሊጠብቅ አይችልም። ለዚህ መልሱ ባክአፑን የወሰድንበት ዘዴ ነው። ካርዱን ወደ 100 ሜጋቢት ዝቅ አድርገው ሥራው በዝግታ እንዲቀጥል ያድርጉ፤ ማሽኑ በዚያ ፍጥነት ካልወደቀ ቢሮው ይሠራል፣ እርስዎም ችግሩ ከጭነት ጋር እንደሚሄድ ተጨማሪ መረጃ አገኙ፤ ፈተናዎቹን ደግሞ ማታ ማታ ያካሂዱ። ዝግታውን ግን ማስታገሻ ብቻ አድርገው ይያዙት፤ መፍትሔ አይደለም።

በፈተናዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይቀይሩ፤ የቀየሩትን፣ ሰዓቱንና ውጤቱንም ይጻፉ። ተስተካከለ ከማለትዎ በፊት ደግሞ ሒሳቡን ይሥሩ። በጭነት ስር በአማካይ በየ2 ሰዓቱ በዘፈቀደ ይወድቅ የነበረ ማሽን ምንም ሳይስተካከል 2 ሰዓት ሳይወድቅ የመቆየት ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው፤ 6 ሰዓት የመቆየቱ ግን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ያንኑ ይጥለው የነበረውን ፈተና ቢያንስ የአማካዩን ሦስት እጥፍ ያስኪዱት፣ ቢቻል ከዚያም በላይ። ከዚያ የተወገደውን ዕቃ ወይም ቅንብር መልሰው ያስገቡና ማሽኑ እንደገና ሲወድቅ ይመልከቱ፤ ባክአፕ እስካለ ድረስ ይህ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው፣ ጥፋተኛውን በአጋጣሚ ከመወንጀልም ያድናል። ጥፋተኛው የከርነል ድራይቨር ሆኖ ከተገኘ ለተጠቀሙበት የሊኑክስ ስርጭት አዘጋጆች ይጻፉላቸው። የከርነሉን ስሪት፣ የካርዱን ወይም የመቆጣጠሪያውን ሞዴል፣ የፓኒኩን ሙሉ ጽሑፍና ማሽኑን ሁልጊዜ የሚጥለውን የፈተና ትዕዛዝ ያያይዙ፤ ከአራቱ ለአራሚው ከሁሉ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው።